የአሜሪካ ሆስፒታል ቢል ሲመጣላችሁ፦ ለምን እንዲህ ተወደደ፣ እናንተስ ምን ማድረግ ትችላላችሁ

ከሆስፒታል የሚመጣው የመጀመሪያ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር የመጨረሻ ዋጋ አይደለም። ይሄን ከሁሉም በፊት መናገር የፈለኩት ብዙ ወገኖቻችን፣ በተለይ አዲስ የመጡት፣ ፖስታውን ከፍተው ብዙ ሺ ዶላር የሚል ሲያዩ ወይ ደንግጠው መሳቢያ ውስጥ ከተውት ኮሌክሽን፣ ማለትም እዳ ሰብሳቢ ድርጅት ጋ፣ እስኪሄድ ዝም ይላሉ፣ ወይ ደግሞ የደረሳቸውን እቁብ ጨምረው ከዘመድም ተበድረው ባንዴ ይከፍሉታል። ሁለቱም ይጎዳል። መሀል ላይ ብዙ መንገድ አለ፣ እሱን ነው ቀጥዬ የማስቀምጠው፣ ግን መጀመሪያ አሜሪካ ላይ ለምን እንዲህ እንደሆነ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ስልክ ላይ ሲከራከር አይፈራም። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

አሜሪካ በ2023 ለጤና ያወጣችው 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሲካፈል ከ14,500 ዶላር ይበልጣል፣ ከአገሪቱ አጠቃላይ ምርት ደግሞ 17.6 በመቶ ነው። ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ካናዳ፣ ጃፓን 11 እና 12 በመቶ አካባቢ ናቸው። ብዙ ሰው አሜሪካኖች ሀኪም ቤት ስለሚመላለሱ ወይም ብዙ ስለሚታመሙ ነው ይላል። ኡዌ ራይንሃርት የሚባሉት የፕሪንስተን ኢኮኖሚስትና ባልደረቦቻቸው በ2003 ያወጡት ጥናት ግን ልዩነቱ ዋጋው እንጂ የህክምናው ብዛት አይደለም ብሎ ነው የደመደመው። በ2018 አሜሪካን ከሌሎች 10 ሀብታም አገሮች ጋር ያወዳደረ ሌላ ጥናትም እዛው ነው የደረሰው፦ ሰው ሀኪም ጋ የሚሄደውና ሆስፒታል የሚተኛው ተቀራራቢ ነው፣ የሚለየው የመድሃኒት ዋጋ፣ የሀኪም ክፍያና የቢሮ ስራው ወጪ ነው። ጠቅላላ ሀኪም አሜሪካ ውስጥ በአመት በአማካይ 218 ሺ ዶላር ገደማ ሲያገኝ ሌሎቹ ጋ ከ86 ሺ እስከ 154 ሺ ነበር። ለአስተዳደር ብቻ አሜሪካ ከጤና ወጪዋ 8 በመቶ ስታወጣ ሌሎቹ ከ1 እስከ 3 በመቶ ነው የሚያወጡት። ቢል የሚልክ፣ ቢል የሚከለክል፣ የተከለከለውን መልሶ የሚልክ ሰራተኛ በሁለቱም በኩል ተቀምጦ ደሞዝ ይበላል፣ ያ ሁሉ የሚከፈለው ደግሞ ከእናንተ ቢል ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ዋጋውን ማን ይወስናል የሚለው ነው። ጀርመን የጤና ኢንሹራንስ ህጓ ከ1883 ጀምሮ ያለ ነው፣ እዛ የኢንሹራንስ ፈንዶቹ ባንድ ላይ ሆነው ከሀኪሞቹና ከሆስፒታሎቹ ማህበራት ጋር ተደራድረው ዋጋ ይቆርጣሉ። ጃፓን መንግስት ለእያንዳንዱ ምርመራና መድሃኒት ዋጋ ያወጣል፣ በየ2 አመቱ ይከልሰዋል፣ አገሩ ሁሉ በዛ ነው የሚሰራው። እንግሊዝ ከ1948 ጀምሮ ከፋዩ መንግስት ራሱ ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ የሚያውቁት በ1995 ስራ ላይ የዋለውን ህግ ነው፣ ነዋሪው ሁሉ ከ4ቱ ኩፓት ሆሊም (የጤና ፈንዶች) ባንዱ ይመዘገባል፣ ምን ምን እንደሚሸፈን መንግስት በዝርዝር ያወጣዋል። እነዚህ አገሮች ላይ እናንተ ሳትታመሙ በፊት ስለ እናንተ የተደራደረ አካል አለ። አሜሪካ ላይ ግን እያንዳንዱ ሆስፒታል ከእያንዳንዱ ኢንሹራንስ ጋር ለብቻው ነው የሚዋዋለው፣ ስለዚህ አንድ ህንፃ ውስጥ፣ በአንድ ማሽን፣ በአንድ ቀን የተነሳ ኤምአርአይ እንደያዛችሁት ካርድ ዋጋው ይለያያል። ሆስፒታሉ ቻርጅማስተር የሚባል የራሱ የዋጋ ዝርዝር አለው፣ ኢንሹራንሶቹ ከሱ ላይ አስቀንሰው ነው የሚከፍሉት። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ጋ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚላከው ያው ከፍተኛው ዋጋ ነው፣ ማለትም ምንም የሌለው ሰው ትልቁን ቁጥር ያያል። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

መድሃኒት ላይም ያው ነው። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም የ2018 ዋጋን ሲያወዳድር አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን በአማካይ አሜሪካ ላይ 98.70 ዶላር፣ ካናዳ ላይ 12 ዶላር፣ እንግሊዝ ላይ 7.52 ነበር። ኢንሱሊንን ካናዳ ውስጥ ያገኙት ተመራማሪዎች በ1923 ፓተንቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነው የሸጡት፣ ሁሉም ሰው እንዲያገኘው ብለው። አሜሪካ ደግሞ ለሽማግሌዎች የሚከፍለውን የመንግስት ኢንሹራንስ ሜዲኬርን ከመድሃኒት ኩባንያዎች ጋር እንዳይደራደር በ2003 በህግ ከለከለች። በ2022 የወጣው ህግ ነው ያንን በከፊል ያነሳው፣ ለሜዲኬር ታካሚ ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ አደረገ፣ ድርድር የተደረገባቸው የመጀመሪያዎቹ 10 መድሃኒቶች አዲስ ዋጋ ደግሞ ከጥር 2026 ጀምሮ ስራ ላይ ውሏል።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው፣ ሌላው አገር ላይ ቀድሞ የተደራደረላችሁ አለ፣ እዚህ ብዙውን ድርድር እናንተ ራሳችሁ ከታከማችሁ በኋላ ትሰሩታላችሁ። ወደ ስራው እንግባ።

ቢሉ ሲመጣ ወዲያው አትክፈሉ፣ ግን ወረቀቱን አትጣሉት። ኢንሹራንስ ካላችሁ ኢንሹራንሱ ኢኦቢ የሚባል፣ እሱ ስንት እንደከፈለና ለእናንተ ስንት እንደቀረ የሚያሳይ ወረቀት ይልካል፣ ላዩ ላይ ይሄ ቢል አይደለም ይላል፣ እሱ እስኪመጣ ጠብቁና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ታካሚው መክፈል ያለበት የሚለው መስመር ላይ ያለው ቁጥርና ሆስፒታሉ የላከው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ካልሆነ ወይም ኢኦቢው ጭራሽ ካልመጣ ሆስፒታሉ ኢንሹራንሳችሁን አልጠየቀም ማለት ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ካርድ ስትቀይሩ ወይም ስማችሁ ካርዱ ላይና ፋይሉ ላይ በተለያየ ስፔሊንግ ሲፃፍ በጣም የሚያጋጥም ነገር ነው፣ የኛ ስም ደግሞ በእንግሊዝኛ በ3 አይነት ይፃፋል፣ የአባት ስምም አንዱ ጋ ሚድል ኔም ሌላው ጋ ላስት ኔም ሆኖ ይገባል። ደውላችሁ መታወቂያ ቁጥሩን አንብቡላቸውና እንደገና ለኢንሹራንሱ እንዲልኩ ጠይቁ።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። ከፌደራል መንግስት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ሁሉም ማለት ይቻላል ይቀበላል፣ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ስልኩ እንደተነሳ አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ ማለት ይበቃል፣ ከዛ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ አንዳንዴ ይረዝማል፣ ግን አትዝጉት። ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2004 የወጣ የቋንቋ ህግ አለ፣ የከተማው መስሪያ ቤቶች አማርኛ ለሚናገር ሰው ማስተርጎም አለባቸው፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሆነውን የመንግስት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድን፣ ለማመልከት ስትሄዱ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ የምትጠይቁት ኢተማይዝድ ቢል ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ነገር ከነኮዱ ተዘርዝሮ። አንድ ጠቅላላ ቁጥር ብቻ ካለበት ወረቀት ጋር መከራከር አይቻልም። ሲመጣ ቀኑን፣ ያልወሰዳችሁትን መድሃኒት፣ ሁለት ጊዜ የተፃፈ ምርመራ ፈልጉ። ኢመርጀንሲ ከነበራችሁ ከ99281 እስከ 99285 ያሉ ኮዶች አንዱ ይኖራል፣ የመጨረሻው ለከባድ ህመም የሚጠየቅ ከፍተኛው ነው፣ ጉሮሮ አይተው ኪኒን ሰጥተው የሸኟችሁ ከሆነና 99285 ከተፃፈ ይሄ ኮድ ይታይልኝ በሉ። ዝርዝር ሲጠየቅ ብቻ ቢል ሲስተካከል አይቻለሁ፣ ሁሌ አይደለም ግን ይሆናል። ከሆስፒታሉ ሌላ የሀኪሙ፣ የላብራቶሪው፣ የራዲዮሎጂው ለየብቻ ቢል ሊመጣ እንደሚችልም እወቁ፣ አንዱን ከፍሎ ጨረስኩ ያለ ሰው ሌላ ሲመጣ ተጭበረበርኩ ይላል፣ አሰራሩ ነው እንጂ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል።

አሁን ዋናው ጋ ደረስን፣ ይሄን ክፍል በደንብ አንብቡት። አሜሪካ ውስጥ ካሉት ሆስፒታሎች ብዙዎቹ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ናቸው፣ ግብር አይከፍሉም፣ በምትኩ በ2010ሩ የጤና ህግ መሰረት የተፃፈ የፋይናንሺያል አሲስታንስ ፖሊሲ ሊኖራቸው ግዴታ ነው፣ ቻሪቲ ኬርም ይባላል። ከህክምናው በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ 240 ቀን ለማመልከት ጊዜ አላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ውስጥ ደግሞ ክስ መመስረት፣ ደሞዝ መያዝ፣ ክሬዲት (የብድር ታሪካችሁ) ላይ ማስመዝገብ አይፈቀድላቸውም። ፎርሙ ዌብሳይታቸው ላይ አለ፣ ስልክ ላይም ፋይናንሺያል አሲስታንስ አፕሊኬሽን ላኩልኝ ካላችሁ ይልካሉ። የሚፈልጉት የደሞዝ ወረቀት፣ የታክስ ሪተርን፣ አንዳንዴ የባንክ ስቴትመንት ነው፣ ስራ ከሌላችሁ ደግሞ የሚያኖራችሁ ሰው የሚፅፈው ደብዳቤ።

እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ የሚይዘን። ልመና ይመስለናል፣ ወይም ይሄ ለቤት አልባ ሰው ነው እንላለን፣ ወይ ደግሞ የኢሚግሬሽን ወረቀቴን ያበላሽብኛል ብለን እንፈራለን። ይሄ ሆስፒታሉ ራሱ የሚሰጠው ቅናሽ ነው፣ የመንግስት ዌልፌር አይደለም፣ ግብር የማይከፍሉትም ይሄንን ስለሚሰጡ ነው። ለሌላ ሰው የተሰራ ነገርም አይደለም፣ በቁጥር እዩት፦ በ2025 ለ4 ሰው ቤተሰብ የፌደራሉ የድህነት መስመር 32,150 ዶላር ነበር፣ እጥፉ 64,300 ይመጣል። ሜሪላንድ ውስጥ ገቢው ከዚህ እጥፍ የማይበልጥ ቤተሰብ አስፈላጊ የሆስፒታል ህክምናን በነፃ እንዲያገኝ ህጉ ያዛል፣ ከዛ በላይ እስከ 3 እጥፍ ላለው ደግሞ ቅናሽ አለ። ፓርኪንግ የሚሰራ ባል፣ ሆም ኬር የምትሰራ ሚስት፣ ሁለት ልጅ፣ ብዙ ቤተሰብ እዚህ ውስጥ ይገባል። ለቀብርና ለልቅሶ የሚሆነውን ገንዘብ አውጥተን ለሆስፒታል ከማዋጣታችን በፊት ይሄ ፎርም ተሞልቶ መልስ ማግኘት አለበት፣ ጎፈንድሚ (የኢንተርኔት መዋጮ) ሲከፈት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ቻሪቲ ኬር አመልክታችኋል ወይ ብዬ ነው፣ ብዙ ጊዜ መልሱ ምንድነው እሱ የሚል ነው።

ሜሪላንድን ካነሳሁ አይቀር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ካለ ዘመዱ የተለየ ስርአት ውስጥ ነው ያለው። ሜሪላንድ በ1971 የሆስፒታል ዋጋ የሚወስን ኮሚሽን አቋቁማ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እያንዳንዱ ሆስፒታል ከሁሉም ከፋይ ተመሳሳይ ዋጋ እንዲያስከፍል ታደርጋለች፣ ኢንሹራንስ ያለውም የሌለውም። በአሜሪካ ውስጥ ከጀርመንና ከጃፓን አሰራር ጋር በጣም የሚቀራረበው እሱ ነው። ግን ይሄ የሆስፒታሉን ክፍያ ነው የሚመለከተው፣ የሀኪሙ የተለየ ቢል እዚህ ውስጥ አይገባም። ቨርጂኒያ ላይ እንደዛ አይነት ኮሚሽን የለም፣ ስለዚህ እዛ ያለ ሰው የበለጠ መደራደር አለበት፣ በሌላ በኩል ግን ቨርጂኒያም ከ2019 ጀምሮ ሜዲኬይድን አስፋፍታለች፣ ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ማመልከት አለባችሁ። ሜዲኬይድ ወደኋላ ተመልሶ የቅርብ ወራትን ቢል ሊሸፍን ይችላል፣ ታክሜያለሁ አሁን ምን ዋጋ አለው ብላችሁ እንዳትተዉት።

ለድጋፍ ገቢያችሁ ከበዛ ድርድር ነው። ራንድ በ2022 መረጃ ላይ ባደረገው ጥናት የግል ኢንሹራንሶች ለሆስፒታል የሚከፍሉት ሜዲኬር ከሚከፍለው 254 በመቶ ገደማ ነው፣ ማለትም ሜዲኬር 1,000 ለሚከፍለው እነሱ 2,540። ይሄን ካወቃችሁ መነሻ አላችሁ፣ ሜዲኬር ለዚህ ኮድ ስንት ይከፍላል፣ ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው የምትጠይቁት ዋጋ ስንት ነው፣ ዛሬ ባንዴ ብከፍል ስንት ትቀንሳላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ሆስፒታሎች ከ2021 ጀምሮ ዋጋቸውን ኢንተርኔት ላይ የማውጣት ግዴታ አለባቸው፣ ፋይሉ ለማንበብ አስቸጋሪ ነው ግን 300 የሚሆኑ የተለመዱ አገልግሎቶችን ሰው በሚገባው መልኩ ማሳየት አለባቸው። ባንዴ መክፈል ካልቻላችሁ ወለድ የሌለው ወርሃዊ ክፍያ ጠይቁ፣ የምትችሉትን ቁጥር እናንተ ተናገሩ። በምንም አይነት ክሬዲት ካርድ ላይ አታድርጉት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ የሚሰጣችሁ የህክምና ክሬዲት ካርድም ቢሆን፣ ካርድ ላይ ከገባ በኋላ ለሆስፒታሉ ተከፍሎታል፣ እዳው የባንክ ሆኗል፣ ቻሪቲ ኬር መጠየቂያ መንገዱ ይጠባል፣ ወለዱም ይጀምራል።

ኮሌክሽን ከሄደም አትደንግጡ፣ 3ቱ የክሬዲት ድርጅቶች ከ500 ዶላር በታች የሆነ የህክምና እዳ አይመዘግቡም፣ የተከፈለውን ያጠፋሉ፣ ያልተከፈለው ደግሞ አንድ አመት ሳይሞላው አይታይም። ያ አንድ አመት የመስሪያ ጊዜያችሁ ነው። እያንዳንዱን ስልክ የደወላችሁበትን ቀን፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስም፣ የሰጡትን ሪፈረንስ ቁጥር ደብተር ላይ ፃፉ፣ ቃል የገቡላችሁን በፅሁፍ ላኩልኝ በሉ።

ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሰራ ኖ ሰርፕራይዝስ አክት የሚባል ህግም አለ። ኢንሹራንስ ኖሯችሁ ኢመርጀንሲ ስትሄዱ ሀኪሙ ኔትወርክ ውስጥ የለም፣ ማለትም ከኢንሹራንሳችሁ ጋር ውል የለውም፣ ተብሎ ልዩነቱን ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። በመኪና የሚሄድ አምቡላንስ ግን በዚህ ህግ አልተሸፈነም፣ ስለዚህ የሱ ቢል ሲመጣ ለብቻው መደራደር ነው። ኢንሹራንስ የሌላችሁ ደግሞ ቀጠሮ ስትይዙ ጉድ ፌይዝ ኢስቲሜት የሚባለውን የዋጋ ግምት በፅሁፍ ጠይቁ፣ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዛ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መቃወም ትችላላችሁ።

እነዚህ ሁሉ ከህክምና በኋላ ናቸው፣ ከዛ በፊት ያለው ደግሞ ቀላል ነው። ህይወት የሚያሰጋ ነገር ከሆነ፣ ደረት ላይ ህመም፣ የአፍ መጣመም፣ መተንፈስ ማቃት፣ ገንዘቡን ሳታስቡ ኢመርጀንሲ ሂዱ፣ ከ1986 ጀምሮ ባለው የፌደራል ህግ ገንዘብ ይኑራችሁ አይኑራችሁ መርምረው ማረጋጋት አለባቸው። ሳል፣ የሽንት ኢንፌክሽን፣ የልጅ ትኩሳት አይነት ነገር ደግሞ ኧርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚያክም ክሊኒክ) ወይም ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር ይሻላል፣ ሄልዝ ሴንተሮቹ በገቢ መጠን ነው የሚያስከፍሉት፣ ኢንሹራንስ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። መድሃኒት ስትገዙ ፋርማሲስቱን በካሽ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ አንዳንዴ ከኮፔይ፣ ማለትም በኢንሹራንስ ስትገዙ ከኪሳችሁ ከምትከፍሉት ድርሻ፣ ይረክሳል፣ ድሮ እንዳይናገሩ በውል የሚታሰሩበት ነበር፣ በ2018 በህግ ተከልክሏል።

አገር ቤት ሄጄ እታከማለሁ ለሚል ሰውም አንድ ነገር። አዲስ አበባ ላይ በዶላር ሲታሰብ ይረክሳል፣ ምክንያቱም የሀኪምና የነርስ ደሞዝ ዝቅ ያለ ነው፣ በየደረጃው ቢል የሚከራከር ሰራዊትም የለም። ለአገሩ ሰው ግን ርካሽ አይደለም፣ ብዙው መድሃኒትና እቃ ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው፣ በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይሄ በጣም ተሰምቷል፣ ደሞዝተኛው የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ጥርስም ሆነ ሌላ ነገር ለማሰራት ስታወዳድሩ ቲኬቱን፣ ከስራ የምትቀሩበትን፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ክትትሉን ማን እንደሚያደርግ ደምሩ፣ ዋጋው ውስጥም የማደንዘዣው፣ የአልጋው፣ የላብራቶሪው መግባቱን ጠይቁ፣ የተሰራውን በሙሉ በእንግሊዝኛ ተፅፎ ፊልሙም በሲዲ ይሰጣችሁ።

እናትና አባታችሁን ለጉብኝት ልታመጡ ከሆነ ደግሞ የቪዚተር ኢንሹራንሱን ከመሳፈራቸው በፊት ግዙ። ርካሹ ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዱ ነገር የተወሰነ ትንሽ ገንዘብ ብቻ የሚከፍለው አይነት ነው፣ ቀሪው እናንተ ላይ ይወድቃል፣ ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባለውን ምረጡ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው ቀድሞ የነበረ ህመም አይሸፈንም ይላል፣ አንዳንዱ ግን ድንገት ሲባባስ የሚሸፍንበት አንቀፅ አለው፣ የእድሜ ገደብም አለበት፣ ያንን አንቀፅ አሳዩኝ በሉ። የሚቆዩበትን ጊዜ የሚበቃ መድሃኒት፣ የሀኪም ማዘዣና የህመማቸውን ታሪክ በእንግሊዝኛ ይዘው ይምጡ፣ መድሃኒቱም ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን በእጅ የሚያዘው ቦርሳ ውስጥ ይሁን።